ወደ ፊሊፒንስ ለመዛወር ለሚያስቡ፦ ከቱሉ ዲምቱ ሳይነሡ ሊያውቁት የሚገባ የኑሮ ወግ

ወደ ፊሊፒንስ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም በትዳር ምክንያት ለመሄድ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቪዛ፣ ስለ ትምህርት ክፍያና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን እዚያ ከደረሰ በኋላ ከጎረቤት ጋር ተግባብቶ ለመኖር የሚረዳውን ዕውቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት በተለይ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በየካ አባዶ አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቼ ነው። እነዚህ ሰፈሮች ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተገናኝቶ እድር ያቋቋመባቸው፣ ቡና የተጠራራባቸው በመሆናቸው፣ በማያውቁት ሰው መካከል ጉርብትናን ከመጀመሪያው መመሥረት ምን እንደሚጠይቅ ነዋሪዎቻቸው ጠንቅቀው ያውቃሉ። ለፊሊፒንስ ኑሮ የሚያስፈልገው ጨዋነትም አብዛኛው ያደግንበት ነው። መንገደኛውን የሚያሳስተው የእኛን ልማድ መስሎ በጥቂቱ የሚለየው ነገር ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የማተኩረው በዚያ ላይ ነው። ዓመታቱና ቀኖቹ፣ በስም ካልተለዩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊሊፒንስ 7,641 ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን፣ ደሴቶቹ በሰሜን ሉዞን፣ በመካከል ቪሳያስ፣ በደቡብ ሚንዳናው ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። ከ1565 እስከ 1898 በስፔን፣ ከዚያም በአሜሪካ ሥር ቆይታ ጁላይ 4 ቀን 1946 ነፃነቷ ታውቆላታል። ሕዝቡ በብዛት ካቶሊክ የሆነው በመጀመሪያው ዘመን፣ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ቋንቋ የሆነው በሁለተኛው ዘመን ነው። በ1987 በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት ፊሊፒኖና እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋዎች በመሆናቸው በእንግሊዝኛ ጉዳይዎን መጨረስ ይችላሉ። ጎረቤትን ወዳጅ ለማድረግ ግን የሰፈሩን ቋንቋ ጥቂት ቃላት መማር ያስፈልጋል፤ ቋንቋውም እንደ ደሴቱ ይለያያል።

አክብሮትና አጠራር

በማኒላና በአካባቢዋ በሚነገረው ታጋሎግ፣ ታላቅን ሲያናግሩ በዓረፍተ ነገሩ መካከል «ፖ» የምትል ቃል ይጨመራል፤ «አዎ» ሲባልም «ኦፖ» ይባላል። ከዚህም በላይ አንዱን ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት አክብሮት ነው። «አንተ» እና «እርስዎ» ብሎ ለሚለይ ኢትዮጵያዊ ይህ አይከብደውም፤ እንዲያውም በእንግሊዝኛ ብቻ ካደገ የውጭ ሰው ይልቅ ቶሎ ይይዘዋል። ሴቡ ወይም ሴብዋኖ የሚነገርበት ሌላ የቪሳያስ ከተማ የሚሄዱ ከሆነ ግን ይህ ቋንቋ «ፖ»ን እንደማይጠቀም ይወቁ፤ የሰዎቹ ዝምታ ወይም ቀጥተኛ አነጋገር ንቀት አይደለም፤ አክብሮታቸውን የሚገልጹት በድምፅ ቃናና በአጠራር ነው።

ሰውን በባዶ ስሙ መጥራት እንደ እኛው አገር ነውር ነው። በዕድሜ ጥቂት የሚበልጥዎን ወንድ «ኩያ»፣ ሴቷን «አቴ» ይበሉ፤ እኛ ጋሼና እትዬ እንደምንለው ማለት ነው። የወላጅ እኩያ የሆነውን «ቲቶ» እና «ቲታ»፣ አያት የሚሆኑትን «ሎሎ» እና «ሎላ» ይባላል። የባለሱቁም፣ የሾፌሩም፣ የጥበቃውም አጠራር ይኸው ነው። በዕድሜ የገፉ ሰው ቤት ሲገቡ ልጆች የሽማግሌውን እጅ ይዘው የእጁን ጀርባ ግንባራቸው ላይ ሲያስነኩ ያያሉ፤ «ማኖ» ይባላል። የውጭ ሰው እንዲያደርገው አይጠበቅም፤ ሆኖም ጉልበት ስሞ ምርቃት ተቀብሎ ላደገ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ለቤቱ አያት ቢያደርጉት በዚያ ቤት ከእንግድነት ወደ ልጅነት ይሸጋገራሉ።

እዚህ ላይ ጠለቅ ብለው ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ፊሊፒናውያን የአበልጅነትን ዝምድና እጅግ ያከብራሉ። ለአንድ ሕፃን ክርስትና ብዙ የክርስትና አባቶችና እናቶች ሊጠሩ ይችላሉ፤ በሠርግም ላይ እንዲሁ የሚቆሙ አሉ። እርስዎም ጥቂት ከሰነበቱ በኋላ መጠየቅዎ አይቀርም። ጥያቄው ትልቅ ክብር ነው፤ እምቢ ማለትም ያስከፋል። ነገር ግን ግዴታው በዕለቱ አያበቃም፤ በየዓመቱ በገና ለልጁ ስጦታ ማዘጋጀትና በችግሩ ጊዜ መድረስ ይጠበቅብዎታል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ከሆኑ በካቶሊክ ሥርዓት የክርስትና አባት መሆን የእምነት ጥያቄ ስለሚያስነሣ፣ ከመሄድዎ በፊት ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋግረው መልስዎን አዘጋጅተው ይሂዱ። «የቤተ ክርስቲያኔ ሥርዓት አይፈቅድልኝም፤ ለልጁ ግን አጎት እሆናለሁ» ማለት በአክብሮት የሚሰማ መልስ ነው፤ ሃይማኖትን ምክንያት ያደረገ እምቢታ እዚያ ቅሬታ አይተውም።

ደጃፍና ማዕድ

በር ላይ ሲደርሱ «ታኦ ፖ!» ብለው ይጣሩ፤ «ቤቶች!» እንደማለት ነው። ጫማ በብዙ ቤት በር ላይ ይወልቃል። ከሌላ ከተማ ወይም ከአገር ቤት ሲመለሱ ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረባ የሚበላ ትንሽ ነገር ይዞ መምጣት እንደ ግዴታ ይታያል፤ ከኢትዮጵያ የሚወሰድ ቡና ለዚህ የሚመጥን ነው። ከግብዣ ሲመለሱም ባለቤቶቹ ምግብ ቋጥረው ሊሰጡዎ ይችላሉ፤ ይቀበሉ።

ሲበላ የደረሱበት ሰው ሁሉ «ካይን ታዮ» ብሎ ይጋብዝዎታል። ጥበቃው ምሳውን ከሳሕኑ እየበላ ለሚያልፍ ሁሉ ይህን ይላል። እኛ «እንብላ» ብለን ከልብም ለወግም እንደምንጋብዝ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ግብዣ የጨዋነት ስለሆነ «ጠግቤአለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ደግመው ከለመኑዎት ግን ጥቂት መቅመስ ደግ ነው።

ሩዝ ለቁርስ፣ ለምሳና ለራት ይቀርባል። የሚበላው በማንኪያና በሹካ ሲሆን ማንኪያው በቀኝ እጅ፣ ሹካው በግራ ሆኖ ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል። በሙዝ ቅጠል ላይ ተዘርግቶ በእጅ የሚበላበት ጊዜም አለ፤ በዚህ ጊዜ የእኛ ሰው ከማንም በላይ ይመቸዋል። በሌላው ጊዜ ወጡ በጋራ ሳሕን ቢቀርብም እያንዳንዱ በመቅጃ ማንኪያ ወደ ራሱ ሳሕን ይወስዳል እንጂ ከጋራው በቀጥታ አይበላም። ጉርሻም የሚያውቁት ልማድ አይደለም፤ ለቅርብ ወዳጅ ትርጉሙን አስረድተው ካልሆነ በቀር አያጉርሱ።

ለጿሚና ለሙስሊም ተጓዥ ምግቡ ከባዱ ፈተና መሆኑን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። የዓሣማ ሥጋ በብዙ ምግብ ውስጥ አለ፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ወጥ እንኳ ብዙ ጊዜ የዓሣማ ቁራጭ፣ «ፓቲስ» የሚባል የዓሣ መረቅ ወይም «ባጎኦንግ» የሚባል የተብላላ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ይጨመርበታል። ስለዚህ «አትክልት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ዓሣማ አለበት? ፓቲስ አለበት? ባጎኦንግ አለበት?» ብለው አንድ በአንድ ይጠይቁ። «ዋላንግ ባቦይ» ማለት ዓሣማ የሌለበት ማለት ነው፤ ይህን ሐረግ ከሁሉ አስቀድመው ያጥኑት። ለጾም የሚሆነው «ቶክዋ» የሚባለው የአኩሪ አተር አይብ፣ እንዲሁም ጠዋት ጠዋት አዟሪዎች እየጮኹ የሚሸጡት «ታሆ» ነው፤ ታሆ ከአኩሪ አተር፣ ከስኳር ሽሮፕና ከሳጎ ፍሬ የሚዘጋጅ ለስላሳ ምግብ ነው። የማሾ ወጥም አለ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ዓሣማ ወይም ደረቅ ዓሣ ስለሚገባበት ይጠይቁ። ሙስሊሞች በሚንዳናው በተለይም በ2019 በተቋቋመው ባንግሳሞሮ ራስ ገዝ ክልል ሐላል ምግብ በቀላሉ ያገኛሉ፤ በማኒላ ደግሞ በ1976 በተሠራው የኪያፖ ወርቃማው መስጊድ ዙሪያ ይገኛል።

አዎ፣ አይሆንም፣ እና ያልተነገረው

እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ የምንስባት ልማድ እዚያ ሰውን ታስደነግጣለች፤ የታመሙ ወይም የደነገጡ ይመስላቸዋል። እነርሱ ቅንድብ ከፍ በማድረግ «አዎ» ይላሉ፤ አቅጣጫን በከንፈር ይጠቁማሉ። ሰው ሲጠሩ መዳፍዎን ወደ ታች አድርገው ይጥሩ፤ በአንድ ጣት መጥራት ስድብ ነው። አስተናጋጅንም በጭብጨባ አይጥሩ፤ እጅ ማንሣት ይበቃል።

ይሉኝታ የሁለቱም ሕዝብ ጠባይ ነው። ፊሊፒናዊ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለትን ስለሚጠላ «እሞክራለሁ» ወይም «ምናልባት» ካለዎት አብዛኛውን ጊዜ እንደማይሆን እየነገረዎት ነው። ሰውን በሌሎች ፊት መገሠጽ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ መከራከር ወዳጅነትን ያፈርሳል፤ እርማት ካለ ለብቻ ተጠርቶ በለሆሳስ ይነገራል። በሌላ በኩል እኛ የማንደፍረው ጥያቄ በቀላሉ ይጠየቃል። «ወፍረሃል»፣ «ለምን አላገባሽም?»፣ «ወዴት እየሄድክ ነው?» የሚሉት ሰላምታ ናቸው፤ ለመጨረሻው «እዚሁ ነኝ» ማለት በቂ መልስ ነው። ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ ፀጉርም አስተያየት ይሰጣል፤ ቆዳ የሚያነጡ ሳሙናዎች በየሱቁ ይሸጣሉ፤ ልጆች ፀጉርዎን መንካት ይፈልጉ ይሆናል። ይህ የሚያሳምም ጊዜ እንዳለው አውቃለሁ፤ ታግሶ ማስረዳት ከመቆጣት የተሻለ ውጤት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ንቀት ሲሆን ግን በተረጋጋ ድምፅ እንደማይወዱት መናገር መብትዎ ነው። ረዘም ያሉ ወጣት ከሆኑ «ቅርጫት ኳስ ትጫወታለህ?» የሚል ጥያቄ አያጡም፤ ጨዋታው በየሰፈሩ የሚወደድ፣ በ1975 የተመሠረተ የራሱ የሙያ ሊግ ያለው ነው፤ ባይችሉበትም ሜዳ መውጣት ወዳጅ ለማፍራት አጭሩ መንገድ ነው።

ሕፃን ሲያደንቁ ይጠንቀቁ። «ኡሶግ» የሚባል እምነት አለ፤ እንግዳ ሰው ያደነቀው ሕፃን ሊታመም ይችላል ተብሎ ይፈራል። የቡዳን ነገር ሰምቶ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እናቲቱ «ፑዌራ ኡሶግ» ስትል ይስሙ፤ እርስዎም ሕፃኑን ካደነቁ በኋላ ይህን ይበሉ። ምራቅዎን በጣትዎ አድርገው የሕፃኑን ግንባር ወይም ሆድ እንዲነኩ ቢጠይቁዎትም አይገረሙ።

ሰፈር፣ መንገድ፣ ወረቀት

ትንሹ የመንግሥት እርከን «ባራንጋይ» ይባላል፤ ከእኛ ቀበሌ ጋር ይመሳሰላል፤ ሊቀመንበሩም በምርጫ የሚሾም «ካፒታን» ነው። በገቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሄደው ይተዋወቁ። በ1991 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ የጎረቤት ጠብ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት በባራንጋዩ የሽማግሌዎች ጉባኤ እንዲታይ ስለሚያዝ፣ በአንድ ባራንጋይ ወይም ከተማ በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚነሣ አብዛኛው ክርክር የሚጀምረው እዚያ ነው። ሽምግልና ለሚያውቅ ሰው መልካም ሥርዓት ነው።

ከቱሉ ዲምቱ በባጃጅ እንደሚወጡት ሁሉ እዚያም ከሰፈር የሚያወጣዎት ባለሦስት እግር ሞተር ነው። ትልቁን መንገድ የሚይዘው ጂፕኒ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ደግሞ ረዳት የሌለው ስለሆነ ገንዘብዎን «ባያድ ፖ» ብለው ለአጠገብዎ ሰው ይሰጣሉ፤ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው ይመለሳል። ሲወርዱ «ፓራ ፖ» ይላሉ፤ «ወራጅ አለ» ማለት ነው።

በወረቀት ጉዳይ ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። ከ59 ቀን በላይ የሚቆይ የውጭ ዜጋ ከኢሚግሬሽን ቢሮ የምዝገባ ካርድ ማውጣት አለበት፤ ካርዱን የያዘ ሰው፣ በጎብኚ ቪዛ ካልሆነ በቀር፣ በየዓመቱ መጀመሪያ 60 ቀናት ውስጥ ለቢሮው ይቀርባል። ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። በፊሊፒንስ ቅጽ ላይ «መካከለኛ ስም» ማለት የእናት የቤተሰብ ስም ነው፤ የእኛን የአባት ስም እዚያ ቦታ ያየ ጸሐፊ የእናትዎ ወገን ስም ይመስለዋል፤ የባልና የሚስት፣ የአባትና የልጅ ስም አለመመሳሰሉም ያጠራጥረዋል። ስለዚህ በፓስፖርትዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ በሁሉም ቅጽ ሳይለውጡ ይጠቀሙ፤ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶችዎን በእንግሊዝኛ አስተርጉመውና አረጋግጠው ይዘው ይሂዱ። ሦስተኛው ትዳርና ንብረት ነው፤ የውጭ ዜጋ መሬት መግዛት አይችልም፤ ከሙስሊሞች በስተቀርም አገሪቱ የፍቺ ሕግ የላትም። ፊሊፒናዊት ወይም ፊሊፒናዊ ለማግባት የሚያስብ ሰው ይህን ከሠርጉ በፊት ሊያውቀው ይገባል።

ሰዓቱ ከአዲስ አበባ 5 ሰዓት ይቀድማል፤ የሚቆጠረውም ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ «3 ሰዓት» ብለው የተቀጣጠሩትን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ።

ለቅሶ

በብዙ የእኛ ሰው ዘንድ ግር የሚያሰኘው የለቅሶ ሥርዓታቸው ነው። እኛ በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ቀብረን ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን። በክርስቲያን ፊሊፒናውያን ዘንድ ግን አስከሬኑ በመድኃኒት ተጠብቆ በቤት ወይም በአስከሬን ማቆያ አዳራሽ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይቆያል፤ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ከተጠበቀም ከዚያ በላይ ይቆያል። ይህ «ላማይ» ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ነቅቶ ያድራል፤ ቡና፣ ብስኩትና ኦቾሎኒ ይቀርባል፤ ሰዎች ይጫወታሉ፣ ይስቃሉ፣ ካርታም ይጫወታሉ፤ ከካርታው ገንዘብም የተወሰነው ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ይሰጣል። ሳቁን ሰምተው ሐዘናቸው ቀላል ነው ብለው አይፍረዱ፤ እንቅልፍን ለማባረርና ሐዘንተኛውን ብቻውን ላለመተው የሚደረግ ነው። ሙስሊሞቹ እንደ ሃይማኖታቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይቀብራሉ።

እርስዎ የሚያደርጉት ይህ ነው። ቀይ ልብስ አይልበሱ። በፖስታ ጥቂት ገንዘብ ያዘጋጁ፤ «አቡሎይ» ይባላል፤ የእድር መዋጮን ያህል ከልብ የሚጠበቅ ነው። ወደ አስከሬኑ ቀርበው ጸሎት ያድርጉ፤ ከዚያ ይቀመጡ፤ የቀረበውን ይቅመሱ። ሲወጡ ቤተሰቡ እስከ በር ባይሸኝዎ አይቀየሙ፤ ሐዘንተኛ እንግዳን መሸኘት መጥፎ ነው ተብሎ ይታመናል። በቀጥታ ወደ ቤት መግባትም አይወደድም፤ ሰዎች መንገድ ላይ አንድ ቦታ ቆም ብለው ይሄዳሉ፤ አብረዋቸው ከሆኑ አብረዋቸው ይቁሙ። ከቀብሩ በኋላ የ9 ቀን ጸሎት፣ ከዚያ 40ኛው ቀን፣ ከዚያም ሙት ዓመቱ ይታሰባል። አርባንና ሙት ዓመትን የምናውቅ እኛ በእነዚህ ቀናት ብንገኝ ከማንኛውም ስጦታ በላይ ይታወስልናል።

ከመሄድዎ በፊት የእዚህን እድርዎንም ያስተካክሉ፤ ወርኃዊ መዋጮውን የሚከፍል ሰው በስም ተወክሎ ይቅር። እቁብን በተመለከተ «ፓሉዋጋን» የሚባል ተመሳሳይ ልማድ አላቸው፤ በአካል ከሚያውቋቸው ጋር ብቻ ይግቡ፤ በኢንተርኔት የሚሰበሰቡትን የአገሪቱ የሴኩሪቲስ ኮሚሽን ደጋግሞ አስጠንቅቆባቸዋል።

በዓልና የአየር ጠባይ

የገና መዝሙር በገበያ አዳራሾች መሰማት የሚጀምረው በሴፕቴምበር፣ እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት ወር ነው። ከዲሴምበር 16 እስከ 24 ሌሊት ላይ ቅዳሴ አለ፤ ሕዝቡ ገና ሳይነጋ ወጥቶ ያስቀድሳል፤ ከቅዳሴው በኋላ ከሩዝ የሚጋገሩ ምግቦች በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሸጣሉ። ይህ ሁሉ ግብዣ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ካለው ጾመ ነቢያት ጋር ይገጣጠማል። የሚጾሙ ከሆነ ለሥራ ባልደረቦችዎ ቀደም ብለው ያስረዱ፤ ግብዣውን አይቅሩ፤ ፍራፍሬ ይዘው ይሂዱ። የየሰፈሩ የቅዱስ በዓል ሲሆን ቤቶች ለማያውቁት ሰው ጭምር ክፍት ናቸው። በጃኑዋሪ 9 በማኒላ ኪያፖ የሚወጣውን የጥቁሩን ናዝራዊ (የኢየሱስን) ሐውልት ሰልፍ፣ በወሩ ሦስተኛ እሑድ በሴቡ የሚከበረውን ሲኑሎግ ያየ የጃንሜዳ ጥምቀትን ያስታውሳል።

ጋቢና ወፍራም ሹራብ እዚያ አያስፈልጉም፤ ማኒላ በባሕር ጠርዝ ያለች ሞቃትና ወበቃማ ከተማ ናት። የአዲስ አበባን ብርድ የሚመስል የሚገኘው 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ባጊዮ ነው። በባታንጋስ «ባራኮ» የሚባል ጠንካራ ቡና አለ፤ በየቤቱ የሚጠጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ በፓኬት የሚመጣው ፈጣን ቡና ነው። ጀበናዎን ይውሰዱ፤ በኪራይ ሕንፃ ውስጥ ዕጣን ሲያጨሱ ግን የጭስ ማስጠንቀቂያ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ስለ አውሎ ነፋስ ነው። እኛ የማናውቀው አደጋ በመሆኑ ቀላል ይመስለናል። በዓመት በአማካይ ወደ 20 የሚጠጉ አውሎ ነፋሶች ወደ አገሪቱ ክልል ይገባሉ፤ ኖቬምበር 8 ቀን 2013 የታክሎባንን ከተማ የመታው ዮላንዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ከ6,000 በላይ ሰው ገድሏል፤ ብዙዎቹ የሞቱት ነፋሱ ወደ የብስ በገፋው ባሕር ነው። የሜትሮሎጂ ተቋሙ ፓጋሳ ከ1 እስከ 5 የሚቆጠር የማስጠንቀቂያ ደረጃ ያወጣል፤ በየቀኑ የመከታተል ልማድ ያድርጉ። ቤት ሲከራዩ ጎርፍ ይገባው እንደሆነ ከአከራዩ ይልቅ ጎረቤቱን ይጠይቁ። የባራንጋዩ መጠለያ የትኛው ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ይወቁ። ፓስፖርትዎንና የምዝገባ ካርድዎን ውኃ በማያስገባ ከረጢት፣ ከውኃ፣ ከደረቅ ምግብና ከባትሪ ጋር አዘጋጅተው በር አጠገብ ያስቀምጡ። ውጡ ሲባል ዕቃ ለመጠበቅ አይቅሩ። መብራትና ኔትወርክ ለቀናት ሊጠፋ ስለሚችልም፣ አውሎ ነፋሱ ሳይደርስ ለአገር ቤት ቤተሰብዎ ይደውሉና ድምፅዎ ጥቂት ቀን ቢጠፋ እንዳይደነግጡ፣ የሚያርፉበትንም መጠለያ ስም ይንገሯቸው።